የሚያሰክር ቅጠል መድኀኒት ሊሆን ይችላልን?

ይህን ጽሑፍ ከማንበባችሁ አስቀድሞ ስለ ደጉ ሳምራዊ የተጻፈውን (ሉቃስ 10፥25–37) እና ሐዋርያው ስለ ክርስቲያን አርነት የጻፈውን (1ኛ ቆሮንቶስ 6፥12–20) እንድታነቡ እንለምናችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሐርጌሳ ከተማ ደብዳቤ ደረሰን። ጸሓፊው ከደጋው አገራችን ወጥቶ በዚያ በግንበኝነት ሥራ የሚኖር ወንድማችን ነው። ስሙን እንዳንጠራ ለምኖናልና አንጠራም። ጥያቄው ግን የእርሱ ብቻ ስላልሆነ፥ በፈቃዱ መልሳችንን ለጉባኤ ሁሉ እንጽፋለን።

ታላቅ እኅቱ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ትኖራለች። ከጡቷ የጀመረው ነቀርሳ፥ ዛሬ ካንሰር የምንለው ደዌ፥ ወደ አጥንቷ ከደረሰ ወዲህ ሌሊቱ ረዝሞባታል። ለደዌው የሚሰጣት ብርቱ መድኀኒትም እህል አያስቀምጣትም፤ የበላችውን ትመልሳለች። ሐኪሟ ሌላውን ሁሉ ከሞከረ በኋላ፥ በዚያ ግዛት ሕግ የተፈቀደውን የካናቢስ መድኀኒት እንድትሞክር መክሮ፥ መድኀኒቱ ወደሚሸጥበት ቤት የሚያስገባትን ማስረጃ ሰጥቷታል። ካናቢስ ማለት በአገራችን ሰው አፍ ሐሺሽ የሚባለው ተክል ነው። ወረቀቱ በመጽሐፍ ቅዱሷ መካከል ከተቀመጠ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ እርሷም እስካሁን አልሄደችም።

ያልሄደችበት ምክንያት ይህ ነው። ወንድሟ በሐርጌሳ ብዙ ዘመን የጫት ምርኮኛ ነበረ። የቀን ደመወዙን ከሰዓት በኋላ በቅጠል ይለውጠው ነበር፤ ለእናቱ ይልከው የነበረውም ገንዘብ ቀረ። እኅቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ እየደወለች፥ አንዳንድ ጊዜ እየተቈጣች፥ ብዙ ጊዜም እያለቀሰች፥ እግዚአብሔር የቅጠል ባሪያ አድርጎ እንዳልፈጠረው ትነግረው ነበር። በእግዚአብሔር ቸርነት ተወው። አሁን ግን እርሷ፦ «አንተን ከቅጠል ያወጣሁ እኔ፥ ዛሬ ራሴ ወደ ቅጠል ልሂድን?» ብላ ጠየቀችው። መልስም አጣ። «አትሂጂ ብላት ሕመሟን እኔ አልታመምላትም፤ ሂጂ ብላት የገዛ ምስክርነቴ ይከሰኛል» ሲል ጽፎልናል።

ይህን ጥያቄ በችኰላ ልንመልሰው አይገባም። በጉባኤዎቻችን ጌታን በተቀበሉ ጊዜ አረቄውን፥ ትምባሆውንና ጫቱን የተዉ ብዙዎች አሉ። ብዙ ቤትም በዚህ ዳነ፤ ልጆች ደብተር አገኙ፤ ሚስቶች በሰላም ተኙ። ስለዚህ የሚያሰክር ነገር ስሙ በተጠራ ጊዜ ልባችን ቢደነግጥ መልካም ድንጋጤ ነው። ነገር ግን ድንጋጤ ብቻውን መምህር አይሆንም። ሕመምተኛይቱ እኅታችን የምትጠይቀን የልባችንን ድንጋጤ አይደለም፤ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ነው።

አስቀድመን ወንድማችን በዐይኑ የሚያየውን እንመልከት። በሐርጌሳ ጫት በጐዳና ዳር በግልጥ ይሸጣል። የሚመጣውም ከእኛው ተራሮች ነው። በሐረር አጠገብ ከአወዳይ ገበያ ተነሥቶ፥ በጅጅጋ አልፎ፥ በቶጎ ውጫሌ ድንበሩን ይሻገራል። ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ኀይሉ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ያህል ውስጥ ስለሚደክም፥ የጫኑት መኪናዎች ያለ ዕረፍት ይሮጣሉ። ከቀትር በኋላ ወንዶች ተሰብስበው ይቅማሉ፤ ሚስቶችና ልጆችም በቤት ይጠብቃሉ። ጐረቤቶቻችንን ለመንቀፍ ይህን አንናገርም። ቅጠሉን ተክለን፥ ቀጥፈን፥ ጭነን የምንልክ፥ ዋጋውንም የምንቀበል እኛ የዚህ አገር ሰዎች ነንና።

ሰዎቹ ስለ ምን እንደሚቅሙም እንጠይቅ። በከተማይቱ መካከል የጦር አውሮፕላን መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል። በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላን አስደብድቦ አፈረሳት፤ ብዙ ሺሕ ሕዝብም ወደ አገራችን ተሰደደ። ከዚያ በኋላ የተረፈው ሰው ቤቱን መልሶ ሠራ፤ በልቡ የቀረውን ቍስል ግን ማን ይጠግነው? በ2005 የታተመ አንድ ጥናት በሐርጌሳ 4,854 ሰዎችን መርምሮ ነበር። በአእምሮ ሕመም ምክንያት ከኑሮ የወደቁ ሆነው የተገመቱት፥ ጦርነት ካላዩት ወንዶች መካከል ከመቶ 3.2፥ ጦርነቱን ካለፉት ሲቪሎች መካከል ከመቶ 8.0፥ ከቀድሞ ተዋጊዎች መካከል ግን ከመቶ 15.9 ሆኑ። አእምሯቸው የታወከው ሰዎች ከጤነኞቹ ይልቅ በልጅነት ዕድሜ ጫት እንደ ጀመሩ፥ ሕመሙም ከመታየቱ በፊት በአማካይ 8.6 ዓመት እንደ ቃሙ ያው ጥናት ይናገራል። ጦርነቱና ቅጠሉ ተባብረው ሰውን ጣሉት ማለት ነው። በ2015 ደግሞ ሂዩማን ራይትስ ዎች ያወጣው ዘገባ፥ በሐርጌሳ በግል ማቈያ ቤቶች የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ታስረው እንደሚኖሩ ገልጧል። እኛም በጠበል ስፍራ የታሰሩትን እናውቃለንና አንኰራም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ሐኪም ያጣ ሕመም ራሱን ሊያክም ይነሣል። ሰው ቍስሉን የሚያሳየው ሲያጣ፥ በእጁ የደረሰውን ቅጠል ይይዛል፤ ቅጠሉም ለጥቂት ሰዓት ያስረሳዋል፤ በማግሥቱ ግን ያው ቍስል ከዕዳ ጋር ይጠብቀዋል። እንግዲህ ወንድማችን በሐርጌሳ የሚያየው ክፉ ነገር እውነተኛ ነው። ጥያቄው፥ ያ ክፉ ነገር በቅጠሉ ባሕርይ ውስጥ ያለ ነውን? ወይስ ሰው ከቅጠሉ ጋር በገባው ኪዳን ውስጥ ነው? የሚል ነው።

ነቢያትና ሐዋርያት የምድርን ፍሬ በራሱ ርኩስ አላሉትም። ያው የወይን ጠጅ ኖኅን በድንኳኑ ውስጥ አራቈተው (ዘፍጥረት 9)፤ በደጉ ሳምራዊ እጅ ደግሞ የቈሰለውን ሰው አጠበ፤ ጳውሎስም ስለ ሆዱ ሕመም ጢሞቴዎስን ጥቂት እንዲጠጣ መከረው (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥23)። ኢሳይያስም ለንጉሥ ሕዝቅያስ ከጸሎት ጋር የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ (ኢሳይያስ 38፥21)። የተስፋ ቃል ከእግዚአብሔር ዘንድ ከመጣ በኋላ እንኳ ነቢዩ በለሱን አልናቀም።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ፦ «እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም ነውና ሁሉን ልቅመስ» የሚል ሰው ቢኖር፥ በጌልገላ የሆነውን ያንብብ (2ኛ ነገሥት 4፥38–41)። ከነቢያት ልጆች አንዱ የማያውቀውን የምድረ በዳ ቅል ሰብስቦ ወደ ምንቸቱ ከተተ፤ በልተውም ሞት እንደ ቀመሱ ጮኹ። ቅሉን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ነገር ግን ሳያውቁ መብላት እምነት አይባልም። የተፈጠረ ነገር መልካምነት ከዕውቀትና ከልክ ጋር ይሄዳል።

የደጋ ሰው ሁሉ ይህን ከኮሶ ተምሮታል። አባቶቻችን የኮሶን አበባ ፈጭተው፥ በባዶ ሆድ ጠጥተው፥ ከሆዳቸው ትሉን ያስወጡ ነበር። በልኩ የጠጣ ዳነ፤ ልኩን ያለፈ ግን በዚያው መድኀኒት የሞተበት ጊዜ ነበር። ቋንቋችንም ይህን ምሥጢር ይዞታል። መድኀኒት የሚለው ቃል «አዳነ» ከሚለው ወጥቶ የሚያድነውን ሁሉ ይጠራል፤ ጌታችንንም በዚህ ስም እንጠራዋለን። ነገር ግን ባላገር «መድኀኒት አበሉት» ሲል፥ ሰውዬው ተመረዘ ማለቱ ነው። አንድ ቃል ፈውስንም መርዝንም ይሸከማል። በኮሶና በሚያሰክር ቅጠል መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት እንዳለ እንናገር። ኮሶ መራራ ስለ ሆነ፥ የዳነ ሰው እንደ ገና ልጠጣው አይልም። ደስ የሚያሰኝ መድኀኒት ግን የዳነውንም ሰው ተመልሶ ይጠራዋል። ስለዚህ መድኀኒት ሲጣፍጥ ጠባቂ ያስፈልገዋል።

አሁን ደግሞ የጫት ወዳጅ ይነሣና እንዲህ ይለን ይሆናል፦ «እኔም እኮ ሕመም አለብኝ። ቅጠሌ መድኀኒቴ ነው። ለእርሷ የፈቀዳችሁትን ለእኔ ስለ ምን ትከለክላላችሁ?» ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። ሦስት ምልክቶችን እናቀርባለን። መጀመሪያው፥ መድኀኒት በሌላ ሰው ፊት ይገለጣል፤ ሕመምተኛው ለሐኪሙ ይነግራል፥ ሐኪሙም ይመረምራል። ራሱን ብቻውን የሚያክም ሰው ግን ሐኪሙም ሕመምተኛውም እርሱ ስለ ሆነ፥ የሚከለክለው የለም። ሁለተኛው፥ መድኀኒት ልክና መጨረሻ አለው፤ ካልጠቀመ ይተዋል። የምኞት ቅጠል ግን ባልጠቀመ ቍጥር ይጨመራል። ሦስተኛውና ዋናው፥ መድኀኒት ሰውን ወደ ባልንጀራው ይመልሳል። ሕመም የለየውን ሰው ወደ ማዕዱ፥ ወደ ልጆቹ፥ ወደ ጸሎቱ ያመጣል። ቃሚውም በጫት ጊዜ ጨዋታና ፍቅር አለ ይላል፤ እውነት አለው። ነገር ግን በዚያ ጨዋታ ውስጥ የሌሉት እነማን እንደ ሆኑ ይጠይቅ፤ ሚስቱንና ልጆቹን አያገኛቸውም።

ይህ ሚዛን ለእኅታችንም ያው ነው። ይህን የምንለው በእኛ ፈቃድ ሕጉ እንዲላላላት አይደለም። ሐዋርያው ሁሉ ተፈቅዶልኛል ካለ በኋላ፥ በምንም ነገር ሥልጣን ሥር እንዳይገባ ራሱን ጠበቀ። ጥያቄዋም በዚህ ሊመዘን ይገባል፤ ይህ መድኀኒት ጌታ ይሆንባታልን? ወይስ ያገለግላታል?

ሌላም ስሕተት አለ፤ እርሱም የመንፈሳዊነት ልብስ ስለሚለብስ ይበልጥ አደገኛ ነው። አንዳንዶች፦ «ክርስቲያን ሕመሙን ሊታገሥ ይገባዋል፤ ጌታም በመስቀል ከርቤ የተቀላቀለበትን የወይን ጠጅ አልተቀበለም» ይላሉ (ማርቆስ 15፥23)። እውነት ነው፥ አልተቀበለም። ነገር ግን ጌታችን ያን ጽዋ ሳይደነዝዝ የጠጣው ስለ እኛ ነው። የኀጢአትን ዋጋ የከፈለ የእርሱ ሕመም ነው፤ የእኛ ሕመም አይደለም። በአንዲት ሴት አጥንት ውስጥ ያለ ስቃይ የማንንም ኀጢአት አያስተሰርይም፤ በእግዚአብሔርም ፊት ጽድቅ ሆኖ አይቈጠርላትም። ይህን የማያምን ሰው ወንጌልን ገና አልሰማም። እንግዲህ ሕመምን ማስታገሥ ከመስቀል መሸሽ አይሆንም። ሊወገድ የማይችል ሕመም ሲመጣ ጸጋ ይበቃናል፤ ሊወገድ የሚችለውን ግን ባልንጀራችን እንዲሸከም ማስገደድ ጭካኔ ነው።

አባታችን ማርቲን ሉተርም በ1527 ስለ መቅሠፍት ለብሬስላው አገልጋይ ለዮሐንስ ሄስ በጻፈው ጽሑፍ፥ እግዚአብሔር መድኀኒትን ፈጥሮ፥ ሥጋችንንም እንድንጠብቅ አእምሮን ሰጥቶናልና መድኀኒትን የሚንቅ ሰው እግዚአብሔርን ይፈታተናል ሲል አስተምሯል። ይህን ያለው ሕመምን በወሬ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ በ1537 በሽማልካልደን የኩላሊት ጠጠር ለሞት አድርሶት ነበር። በትንሹ ካቴኪዝሙም አትግደል የሚለውን አምስተኛውን ትእዛዝ ሲተረጕም፥ ባልንጀራችንን አለመጕዳት ብቻ እንደማይበቃ፥ በሥጋው ችግር ሁሉ ልንረዳው እንደሚገባ ያስተምረናል።

ስለ ብርቱ መድኀኒቶች ዓለም ምን ያህል እንደሚያደላም እንወቅ። ሞርፊን የሚወጣው ሰዎችን ባሪያ ካደረገው ከኦፒየም ነው፤ ሆኖም በሐኪም እጅ የሚሞተውን ሰው ሥቃይ ያቀልላል። በ2017 በላንሴት መጽሔት የወጣ ጥናት እንደ ገለጠው፥ ከዓለም ሕዝብ ድኻው ግማሽ በሚኖርባቸው አገሮች የሚደርሰው ከዚህ ዓይነቱ የሕመም ማስታገሻ ከመቶ አንዱ ብቻ ነው። በአንድ ወገን የዕፅ ባርነት፥ በሌላ ወገን ያለ ማስታገሻ የሚሞቱ ድኾች አሉ። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለተኛውን በድሏል።

ስለ ካናቢስም የታወቀውን በአጭሩ እንናገር። በ1964 በእስራኤል አገር ራፋኤል መኩላምና ይሒኤል ጋኦኒ የተባሉ ሊቃውንት፥ ከተክሉ የሚያሰክረውን ነገር ለይተው አወጡ፤ ቲ.ኤች.ሲ. ይባላል። ሲ.ቢ.ዲ. የሚባለው ሌላው ግን አያሰክርም፤ ከእርሱ የተዘጋጀ መድኀኒት ብርቱ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ልጆች በ2018 በአሜሪካ ተፈቅዷል። የ1961 ዓለም አቀፍ ስምምነት ካናቢስን እጅግ ከባድ ከሆኑት ዕፆች ጋር መድቦት ነበር፤ በታኅሣሥ 2020 የተባበሩት መንግሥታት የዕፅ ጉባኤ በ27 ድምፅ፥ 25 ተቃውመው፥ ከዚያ እጅግ ከባዱ መደብ አወጣው፤ ከቍጥጥር ግን አላወጣውም። በአሜሪካ ካሊፎርንያ በ1996፥ ሚኒሶታም በ2014 ለሕክምና የሚፈቅድ ሕግ አወጡ። በ2017 የዚያ አገር ብሔራዊ አካዳሚዎች፥ ለቈየ ሕመምና የካንሰር መድኀኒት ለሚያመጣው ማስታወክ እንደሚረዳ ብርቱ ማስረጃ አለ አሉ። በ2021 ግን ሕመምን የሚያጠና ዓለም አቀፍ ማኅበር፥ ለሕመም ማስታገሻነት ለመደገፍ ማስረጃው አልበቃም አለ። ሊቃውንት ገና ይከራከራሉ። ካንሰርን ራሱን ይፈውሳል የሚል ሻጭ ቢኖር ግን እኅታችን አትመነው፤ ለዚህ ማስረጃ የለም።

እንግዲህ ለጥያቄው እንመልስ። እኅታችን ብትሄድ ኀጢአት አይሆንባትም ብለን እናምናለን። ነገር ግን ሰው ወደማያውቀው ደጅ እንደሚሄድ ተዘጋጅታ ትሂድ።

አስቀድማ ለሐኪሟ ሁሉን ትንገረው። በሽታውን የሸሸገ መድኀኒት የለውም ይባላልና፥ የምትወስደውን ሌላ መድኀኒት ሁሉ ጽፋ ታሳየው፤ ይህ ተክል ደምን ከሚያቀጥኑና ከሌሎችም መድኀኒቶች ጋር ይጋጫልና። ልቧ ደካማ ከሆነ፥ በዘመዶቿም መካከል አእምሮው የታወከ ሰው ካለ፥ አፍራ አትደብቅ። የባህል መድኀኒት የምትወስድ ከሆነም ትናገር።

ሁለተኛ፥ ሕጉን ትወቅ። ግዛቱ የፈቀደውን የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በ1970 ከተከለከሉት ጋር ቈጥሮታል። ስለዚህ ዜግነት ገና ያላገኘች እንደ ሆነ፥ ወደ ሻጩ ቤት ከመግባቷ በፊት የኢሚግሬሽን ጕዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ታማክር። የአገሩ የዜግነት መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው መመሪያ፥ በግዛት ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ በዜግነት ጥያቄ ላይ እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል ገልጧልና። መድኀኒቱን ይዛ ከግዛት ወደ ግዛት አትለፍ፤ በአውሮፕላንም አትሳፈር። ወደ አገራችን ማምጣትማ በ2004 በወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ያስቀጣል። ክርስቲያን ለባለ ሥልጣን መታዘዝ ከእግዚአብሔር ዘንድ የታዘዘ መሆኑን በሕመሙም ቀን አይረሳም።

ሦስተኛ፥ በዚያ ቤት ስትቆም ለመጠየቅ አትፈር። መታወቂያዋንና ማስረጃዋን ትያዝ፤ ፋርማሲስት ካለ እርሱን ታነጋግር። በመድኀኒቱ ውስጥ የሚያሰክረው ስንት፥ የማያሰክረውስ ስንት እንደ ሆነ ትጠይቅ። ጢስ ሳንባን ይጐዳልና ጠብታ ወይም ክኒን ይኖር እንደ ሆነ ትመርምር። በአፍ የሚወሰደው ለመሥራት ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ብዙዎች ምንም አልተሰማኝም ብለው ሲጨምሩ ይጐዳሉ። በትንሹ ትጀምር፥ ትታገሥ፥ ሳታማክር አትጨምር። ወስዳም መኪና አትንዳ። አንዳንዱ ከረሜላ ስለሚመስል፥ ልጅ እንዳያገኘው በቍልፍ ትቈልፍበት። የወሰደችውንም ልክ፥ የሕመሙን መጠን፥ የእንቅልፏን ሰዓት በደብተር ትጻፍ። ካልጠቀማት፥ ወይም አእምሮዋን ካደከመባት፥ ደብተሩ ይመሰክራል፤ ያን ጊዜ በሐኪሟ ምክር ትተወዋለች።

አራተኛ፥ ብቻዋን አትሂድ። ከቤተ ሰቧ ወይም ከጉባኤዋ አንዲት የታመነች እኅት አብራት ትሂድ፤ ለመጋቢዋም ትንገረው። ከሰው የተሰወረ ነገር በሕሊና ላይ ይከብዳል፤ በወንድሞች ፊት የተደረገ ነገር ግን ጠባቂ አለው። ከመውጣቷም በፊት ትጸልይ፤ ስትመለስም ሌሊት ብትተኛ ታመስግን፤ ባትተኛም እግዚአብሔር አልተዋትም።

ከዚህ ቀጥሎ ለጉባኤዎቻችን አንድ ቃል አለን። እኅታችን ከሕመሙ ይልቅ የፈራችው የእኛን አፍ ነው። ሦስት ሳምንት ያለ እንቅልፍ ያሳደራት የምእመናን ወሬ ከሆነ፥ ሥቃይዋን ያበዛን እኛ ነን። በሐሰት አትመስክር የሚለውን ስምንተኛውን ትእዛዝ ስንማር፥ የባልንጀራችንን ነገር ሁሉ በመልካም እንድንተረጕም ከልጅነታችን ተምረናል። እንግዲህ በሕመምተኛ ቤት ያልለመድነውን ሽታ ብንሸት ወይም ያላወቅነውን ጠርሙስ ብናይ፥ ፈርደን አንውጣ፤ «ሌሊቱን እንዴት አደርሽ?» እንበል። ሽማግሎችም የወጣቱን ጭፈራና የሕመምተኛውን ጠብታ አንድ አድርገው አይፍረዱ። ወጣቶች ሆይ፥ እናንተም ይህን ጽሑፍ ለራሳችሁ ፈቃድ አታድርጉት። በጕርምስና ዕድሜ ይህ ተክል አእምሮን እንደሚጐዳ ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ፤ እናንተ ሕመምም ማስረጃም የላችሁም።

ወንድማችን ሆይ፥ የመጨረሻው ቃላችን ለአንተ ነው። ምስክርነትህ አይከስህም። እኅትህ በእነዚያ ቅዳሜዎች የነገረችህን አስብ። ቅጠል ርኩስ ነው አላለችህም፤ ባሪያ ሆነህ አልተፈጠርህም አለችህ። ያው ቃል ዛሬ ለእርሷ ይበቃል። አንተን ከባርነት ያወጣህ ጌታ እርሷን በአርነት ሊጠብቃት ይችላል። አንተም ራስህን ጠብቅ፤ «ለእርሷ ከተፈቀደ ለእኔም ወገብ ሕመም ጥቂት ጫት ምን አለበት?» የሚል ድምፅ ቢመጣብህ፥ ከየት እንደ መጣ ታውቀዋለህ። የወገብህን ሕመም ለሐኪም አሳየው።

እንግዲህ ቅዳሜ ሲደርስ እርሷ እስክትደውል አትጠብቅ፤ አንተ ደውልላት። ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ወረቀቱን እንድታወጣው ንገራት። ቀኑን ቍረጡ፤ የሚሸኛትን ሰው ስም ጠይቃት፤ በዚያች ሰዓት በሐርጌሳ ሥራህን አቁመህ እንደምትጸልይ ቃል ግባላት፥ ቃልህንም ጠብቅ። እርሷ ለአንተ ባርነት አለቀሰች፤ አሁን ለእርሷ ሕመም ማልቀስ የአንተ ተራ ነው።

በሥጋው ደዌያችንን የተሸከመ ጌታ በሩቅ አገር ያለችውን እኅታችንን ያስተኛት፤ ሐኪሞቿንም ጥበብ ይስጥ፤ በሐርጌሳ ያለውን ወንድማችንንም በአርነቱ ያጽናው፤ እኛንም ከፈራጅ አፍ ያድነን። አሜን።